በባሌ አንገት ላይ የነበረችው ገመድ

በባሌ አንገት ላይ ገመድ ነበረች ብዬ ብጀምር፣ ዘመኑ የጣሊያን ዘመን ስለሆነ የስቅላት ገመድ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። የተሰቀለ ሰውም አይቻለሁ፤ ግን እሱን የሚጽፍ ሌላ ሰው አይጠፋም። የእኔዋ ገመድ ከቆዳ ሥር የነበረች፣ እግዜር ራሱ በሥጋ የገመዳት ናት። ከቀኝ ጆሮው ሥር ትነሣና በአንገቱ ጎን ቁልቁል ወርዳ፣ ከደረት ወደ ትከሻ የሚያልፈው አግዳሚ አጥንት ላይ ታርፋለች። ማንም ሰው ካለው የአንገት ጅማት ኋላ ያለች ትርፍ ናት፤ በግራው በኩል የለችም። ይህችን አንዲት ነገር ያዙልኝ፤ የምነግራችሁ ሁሉ የቆመው በእሷ ላይ ነው።

አስካለ እባላለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና በመሠረተ ትምህርት ነውና ጽሑፌ ቢንገዳገድ አትፍረዱብኝ። ያኔ አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠች መንደር የምኖር፣ ሙሽራ ለመባል ትንሽ ያለፈኝ፣ ባልቴት ለመባል ግን ገና ብዙ የሚቀረኝ ሴት ነበርኩ። ባሌ ታደሰ ባና፣ ወፍራሙን የጠጉር ብርድ ልብስ፣ ይሠራል። የጥቁር በግ ጠጉር እኔ እፈትላለሁ፣ እሱ ይሸምናል፤ ያለቀውን ወይ ደብረ ብርሃን ወይ ቁልቁል አልዩ አምባ ወስዶ ይሸጣል። በቆላ ሙቀት ባና ማን ይለብሳል አትበሉኝ፤ ግመል ነጂዎቹ በረሃ ሲያድሩ ብርዱን የሚችሉት በእሱ ነው።

እናቱ እሱ ዳዴ ሳይል ነው የሞተችው። ያሳደጉት አባቱ፣ አባ ደምሴ ናቸው። እኔ አባባ እላቸው ነበር። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ከወጉ አንዲት ክር ብትመዘዝ ቤቱ የሚፈርስ የሚመስላቸው ዓይነት ሰው ነበሩ። ልጃቸውን አብልተው አጠጥተው አሳድገውታል፤ አንገቱን ግን አንድ ቀን አስተውለው አያውቁም። አባት የወንድ ልጁን አንገት ምን ብሎ ያያል?

ገመዷን ያገኘኋት እኔ ነኝ። ታደሰ ሲሸምን መወርወሪያውን ወደ ግራ በላከ ቁጥር ፊቱም አብሮ ወደ ግራ ይዞራል። ያኔ ገመዷ ትወጠርና ትነሣለች። ፊቱን ሲመልስ ትረግባለች። ከጎኑ ተቀምጬ እየፈተልኩ እሷን ማየት ልማዴ ሆነ።

«ገመድህ ተነሣች» እለዋለሁ።

«የሁሉም ሰው አንገት እንዲህ ነው» አለኝ አንድ ቀን።

«የእኔ የታለች?» ብዬ ነጠላዬን ገልጬ አሳየሁት።

ዳሰሰና አጣት። «አንቺማ ሥራ ፈት ስለሆንሽ ነው።»

«ይኼን ሁሉ ጠጉር ማን ፈተለውና?»

«እሱ የጣት ሥራ ነው፤ አንገት አይፈልግም።»

«እሺ፣ በግራህስ ለምን የለችም?»

«ግራኝ ስላልሆንኩ ነዋ» አለና ሳቀ።

ድካም ሲጥለው ጣቴን በእሷ ላይ አሳርፌ ከጆሮው እስከ አጥንቱ እወርዳለሁ። እንቅልፍ የሚወስደው እንደዚያ ነበር። ባሌን እወደው ነበር፤ ይህን ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ ብጽፈው የሚያሳፍረኝ ነገር የለም።

በዚያ ወራት ገደላ ገደሉ ውስጥ አርበኞች ነበሩ፤ የጣሊያን አውሮፕላንም እነሱን ፍለጋ ይመላለሳል። ከላይ ሆኖ ላየው ሰው የገበያተኛ በቅሎና የአርበኛ ስንቅ የሚጭን በቅሎ አንድ ነው። ታደሰ ባናውን ተሸክሞ ወደ አልዩ አምባ የወረደ ዕለት አየሩ ብሩህ ነበር። ጭጋግ በሆነ ኖሮ እያልኩ ስንት ዘመን ኖሬአለሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሑሴን በበቅሎው ጭኖ አመጣው። ሑሴን የአልዩ አምባ ጥጥ ነጋዴ፣ የታደሰ ደንበኛና ወዳጅ ነው። ታደሰ በቅሎዋ ላይ ጎንበስ ብሎ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ተገልጧል።

«አባ ደምሴ፣ ወላሂ አብረን ነበርን» አለ ሑሴን። «አቀበቱን ስንወጣ አውሮፕላኑ መጣ። ቦምቡ የወደቀው ከበታቻችን ነው፤ ፍንጣሪው ግን ወደ ላይ ተረጨ። አንዲት ብረት ከማጅራቱ ገብታ ቀርታለች።»

ሮጬ ሄድኩና አየሁ። በቀኝ በኩል ከማጅራቱ ወደ ጎን ጠጋ ብሎ የአተር ፍሬ የምታክል ቀዳዳ ነበረች። ደሟም ቆሟል። ይቺው ናት እንዴ ብዬ ደስ አለኝ። እጄን ስዘረጋ የአባባ ከዘራ በመካከላችን ገባ።

«ወደ ኋላ በይ፣ አስካለ» አሉ። «ሚስት አይደለሽም እንዴ?»

የዛሬ ልጆች ይህን አታውቁትም ይሆናል። በእኛ አገር ቁስለኛ ያለበት ቤት ማንም ዘው ብሎ አይገባም። ቁስለኛው ሽታ እንዳይመታው አፍንጫው ላይ ጤና አዳም ይደረግለታል። ከሁሉ የሚፈራው ደግሞ የሚስት ጥላ ነው። ከባሏ ጋር የምታድር ሴት ጥላዋ ቁስል ላይ ካረፈ ቁስሉ ያመረቅዛል ይባላል። ስለዚህ እኔ ወደ ጓዳ፣ እሱ ወደ መደቡ ሆንን። በመካከላችን የቀረው የጭቃ ግርግዳ ብቻ ነበር።

ሑሴን ከመሄዱ በፊት የተባለውን በግርግዳው ሰማሁ።

«ደብረ ብርሃን የጣሊያኑ ሐኪም አለ» አለ። «በቅሎዋን እተውላችኋለሁ። በማለዳ ብትነሡ ትደርሳላችሁ፣ ኢንሻአላህ።»

«ሐኪሙ ከማከሙ በፊት ብረቱ የማን እንደሆነ ይጠይቃል» አሉ አባባ። «የራሳቸው ብረት መሆኑን ደግሞ ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። በአውሮፕላን የተመታ ሁሉ እነሱ ዘንድ ሽፍታ ነው። ልጄን አሳክሜ ላሰቅለው?»

ሑሴን በቅሎውን እየሳበ ሄደ። አባባ እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ሐኪም ቤት በር በቀጥታ ወደ እስር ቤት የተወሰደ ሰው ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሲነጋ አንገቱ እስከ ጉንጩ አብጦ፣ መንጋጋው ገጥሞ ጥርሱን መክፈት አቃተው። ቃል አልወጣ አለው። አባባ ወጌሻውን አያ ሙላትን ሊጠሩ ሄዱ።

አያ ሙላትን ልንቃቸው አልችልም፤ እናንተም እንድትንቁብኝ አልፈልግም። ልጅ ሆኜ ከዛፍ ወድቄ የተሰበረ ክንዴን ያቃኑት እሳቸው ናቸው። እጃቸው ቀስ ያለ፣ አፋቸው ቁጥብ፣ ቢላቸውን በፈላ ውኃ ሳያጥቡ ሰው የማይነኩ ሽማግሌ ነበሩ። ሥራቸው የቆመው በአንድ ሕግ ነው፤ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። «ጤነኛውን ጎን ጠይቅ» ይላሉ። የግራ ክንድ ሲሰበር የቀኙን ይዳስሱና አጥንቱ እንዴት እንደነበረ ከእሱ ይማራሉ። እግዜር ሰውን በሚዛን ሠርቶታል፤ የታመመው ጎን የጠፋበትን ጤነኛው ይነግርሃል ይላሉ። ክንዴ ዛሬም የቀናው በዚያ ሕግ ነው።

ጓዳ ውስጥ ግርግዳው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ቆምኩ።

«አንገቱን ቀና አርጉልኝ» አሉ አያ ሙላት። «በመጀመሪያ ግራውን። ይኸው፣ ለስላሳ ነው፤ ምንም የለበትም። አሁን ቀኙን።» ታደሰ አቃሰተ። «ይኼውላችሁ። እዚህ የተጋደመ ነገር አለ። ጠንካራ ነው፤ ረዘም ይላል።»

«ብረቱ ነው?» አሉ አባባ።

«ብረቱና ብረቱ የሰበሰበው መግል ነው። ከኋላ ገብቶ በቆዳው ሥር ወደ ፊት ተንሸራቷል። ግራው ላይ የሌለ ነገር ቀኙ ላይ ከተገኘ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ መውጣት አለበት፤ ብረት በሰው ገላ ውስጥ ካደረ ይዝጋል፣ ደሙን ይመርዛል።»

እንግዳ ያሏት የእኔ ገመድ ናት። እንዴት እንዳወቅሁ አትጠይቁኝ፤ ረዘም ይላል ሲሉ ጣቴ ራሱ አወቀ።

ምራት በባሏ አባት ፊት ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። እኔ ግን «አያ ሙላት!» ብዬ ጮኽኩ። «አይንኩት፤ የራሱ ነው!»

በወዲያ በኩል ከዘራ ግርግዳውን መታ።

«አስካለ፣ ዝም በይ» አሉ አባባ።

«አልልም፣ አባባ። ያቺ ገመድ ድሮም አለች። ሲሸምን ሁልጊዜ አያታለሁ።»

አያ ሙላት ወጥተው በውጭ በኩል ወደ ጓዳው በር መጡ። ቢላው በእጃቸው አልነበረም። በእርጋታ «ምንድን ነው ያየሽው፣ ልጄ?» አሉኝ። ከጆሮው እስከ አጥንቱ ያለውን መንገድ በራሴ አንገት ላይ አሳየኋቸው። አዳመጡኝ። ብዙ ሰው ያዳምጠኛል ብዬ አልጠብቅም፤ እሳቸው ግን በእርግጥ አዳመጡኝ።

«ይህን ያህል ዘመን ሰው ስዳስስ» አሉ በመጨረሻ፣ «በአንድ ጎኑ ብቻ እንዲህ ያለ ጅማት ያለው ሰው አላጋጠመኝም።»

«እኔን አንድ አጋጥሞኛል፤ ባሌ ነው።»

ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው። «ሰው ሲወድ ብዙ ያያል፣ ልጄ።»

«ያስገቡኝና በጣቴ ላሳይዎት። አብሬያት አድሬአለሁ እኮ።»

አባባ ከኋላቸው ደርሰው ነበር። «ጥላዋን ትጣልበትና ነገ ሬሳ ላውጣ?» አሉ። «አያ ሙላት፣ ሚስት ወደ ቁስለኛ አትቅረብ እያሉ ሲያስተምሩን የኖሩት እርስዎ ራስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ሙላት፤ አንገታቸውን ደፉ።

ያኔ አንድ ነገር መጣልኝ። ዛሬም ሳስበው ከዚያ የተሻለ ሐሳብ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም። «እሺ፣ አልገባም» አልኩ። «ብረት አይላላም አይደል? ገመዷ ግን ትላላለች። ፊቱን ወደ ግራ ሲያዞር ትጠነክራለች፣ ወደ ቀኝ ሲያዞር ትረግባለች። እሱን ብቻ ይሞክሩልኝ።»

አያ ሙላት ቀና ብለው አዩኝ። «ይህ ፍርድ ነው» አሉ። «እሞክራለሁ። ከላላች ቢላዬን ጠቅልዬ እሄዳለሁ።» አባባም እሺ አሉ። በዚህ የሚጎዳ ሰው የለም።

ተመልሰው ገቡ። ግርግዳው ላይ ተለጠፍኩ። የተቆረጠ ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ልብ እንዴት እንደሚመታ ያኔ ነው ያወቅሁት፤ ደስታም ነበረበት። እንደምትላላ አውቅ ነበራ። ስንት ጊዜ በጣቴ ሥር ላልታለች።

«ታደሰ፣ ፊትህን ቀስ አርገህ ወደ ግራ።» ማቃሰት ተሰማ። «ጠንካራ ነው። አሁን ወደ ቀኝ፣ እኔ እደግፍሃለሁ።» ከባድ ማቃሰት መጣ።

«አልላላም» አሉ።

«እንደገና!» አልኩ በግርግዳው።

እንደገና ሞከሩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፤ ከልባቸው ነው የሞከሩት። «ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያው ነው። እንደ እንጨት ነው። ልጄ፣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ከቢላውም፣ ከሞቱም ይከፋል። በዚያች ቅጽበት ራሴን አላመንኩትም። ገመዷ በእርግጥ ነበረች? ወይስ ፍቅር ያሳየኝ ነገር ነው? ፍርዱን የጠየቅሁት እኔ፣ የተፈረደብኝም እኔ፤ ምን ብዬ ልከራከር? አፌን በነጠላዬ ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሲቆርጡት አልጮኸም፤ መንጋጋው የገጠመ ሰው ምን ብሎ ይጮኻል። ተረከዙ ግን መደቡን ሲደልቅ በግርግዳው ይሰማኛል። መጀመሪያ ፈጠን ብሎ፣ ኋላ እየዘገየ። ከዚያ አያ ሙላት ዝግ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«ሥጋ ነው።»

«ምን አሉ?»

«ሥጋ ነው። ጤነኛ ሥጋ ነው። ብረት የለም።»

ወዲያው ወዲያ ወዲህ ማለት ተጀመረ፤ «ጨርቅ አምጡ፣ ቢላውን እሳት ላይ አርጉ» ተባለ። ደሙ አልቆም ብሏቸው ነበር። በጋለ ብረት ሲተኩሱት ሽታው ጓዳ ድረስ መጣ። ስንት ዓመት አልፎትም ጠጉር ሲቃጠል የሸተተኝ እንደሆነ ቤቱን ጥዬ እወጣለሁ።

ደሙ ቆመ። አያ ሙላት እጃቸውን ታጥበው እንደገና ወደ ጓዳው በር መጡ። በአንድ ጊዜ አርጅተው ነበር።

«የራሱ ነበረች» አሉኝ።

«ብዬዎት ነበር።»

«ብለሽኛል።»

«ታዲያ ለምን አልላላችም?»

«አላውቅም፣ ልጄ» አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን የፈጣሪ ፈቃድ ነው፣ የሰይጣን ሥራ ነው ይል ነበር። እሳቸው አላውቅም ብለው ሄዱ።

ብረቱስ? ብረቱ ወደ አከርካሪው ጠልቆ ገብቶ ኖሯል፤ ይህም የገባን ክንዱ ሲዝል ነው። ጣትም ቢላም የሚደርስበት አልነበረም። በማግስቱ ቀኝ ክንዱን ማንሣት እንዳቃተው በግርግዳው ሰማሁ። መወርወሪያ የሚወረውረው ክንድ ነው፤ ለዚያም አለቀስኩ፤ ሞኝ ነበርኩ፤ ለሽመና የሚተርፍ መስሎኝ። ትኩሳት ያዘው፣ ቁስሉ ሸተተ። እኔ እንዳልገባ ጥላዬ ሲጠበቅ፣ ጥላዬ ያልነካው ቁስል ራሱን ችሎ አመረቀዘ።

ሑሴን ከአልዩ አምባ ወሬውን ሰምቶ በቅሎውን ይዞ ተመለሰ። አባባ አሁን ወጋቸውም ፍርሃታቸውም አልቆ ነበር።

«ደብረ ብርሃን እንውሰደው» አሉ። «ይስቀሉት ከፈለጉ። ብቻ መጀመሪያ ያክሙት።»

ከመደቡ ሲያነሡት ግን የተተኮሰው ቁስል ተፈታና ደሙ እንደገና ወረደ። መልሰው አስተኙት። በቅሎዋ ጭነቷን ስትጠብቅ ደጅ ቆማ ዋለች።

ከሰዓት በኋላ አባባ ራሳቸው ወደ ጓዳው መጡ። ከዘራቸውን አልያዙም።

«ግቢ» አሉኝ።

«ጥላዬስ፣ አባባ?»

«ጥላሽ ከእንግዲህ ምንም አያደርገውም።»

ያን ሁሉ ጊዜ እንዲያስገቡኝ ስለምን ነበር። ግቢ ሲሉኝ ግን እግሬ አልነሣም አለ። ግቢ የተባለች ሚስት ተስፋ እንደሌላት ታውቃለቻ።

ገባሁ። ፊቱን ማወቅ ያስቸግራል። ዓይኑ ግን የራሱ ነበር። መንጋጋው በስተመጨረሻ ትንሽ ላላ ብሎለት ኖሮ ቃል ማውጣት ቻለ።

«የት ሄደሽ ነው?» አለኝ።

«እዚሁ ነበርኩ፤ ከግርግዳው ወዲያ።»

«ሰምቼሻለሁ» አለ። ቀጥሎም «ገመዴስ?» አለኝ።

«አለች» አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ንስሐም አልገባሁበት። ጣቴን በግራ አንገቱ፣ ምንም በሌለበት በኩል አድርጌ ከጆሮው ወደ ታች ወረድኩ። ዓይኑን ጨፈነ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

ሊገንዙት ሲሉ አያ ሙላት ጥቂት ጊዜ እንዲሰጧቸው ለመኑና እኔን ጠሩ። «አሁን አሳዪኝ» አሉኝ። የቁስሉን ጨርቅ ገለጥኩ። ገመዷ ከመሃል ተቆርጣለች፤ ጫፏ ከላይ ከጆሮው ሥር፣ ሌላው ጫፏ ከታች አጥንቱ ላይ አሁንም በጣት ትገኛለች። «ከዚህ ተነሥታ እዚህ ታርፋለች» አልኳቸው። ጣታቸውን ከጣቴ ኋላ አስከትለው ከላይ እስከ ታች ሄዱበት። ከዚያ ግራውን ዳሰሱ፤ ባዶ ነው። እንደገና ቀኙን ዳሰሱ።

«ከእንግዲህ ቁስለኛ ዘንድ ስጠራ፣ ከጤነኛው ጎን በፊት ሚስቱን ነው የምጠይቀው» አሉ።

ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ ጉድ የሆነባቸውም በዚያ ነው። ቀጥሎ በተጠሩበት ቤት መጀመሪያ ሚስቱን ጥሩልኝ ቢሉ ዘመድ ሁሉ ተቆጣ። ቁስለኛ ላይ የሴት ጥላ የሚጎትት ወጌሻ ተብለው ተባረሩ። ሌላ ቤትም እንዲሁ ሆነ። ጃጅተዋል ተባለ። ቀስ በቀስ የሚጠራቸው ጠፍቶ፣ እሳቸው የሚያውቁትን ግማሹን እንኳ የማያውቁ ሰዎች ቢላ ይዘው ይዞሩ ጀመር። አያ ሙላት ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ሞቱ። ከታደሰ የተማረ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም የተማረውን ሳይሠራበት ቀረ።

ጣሊያን ወጣ። አባባም አልቆዩም። እኔ ደብረ ብርሃን ገብቼ ጠጉር እየፈተልኩ ኖርኩ። ልጅ አልወለድንም ነበርና ያቺን ገመድ የወረሰ ሰው እንኳ የለኝም።

ከብዙ ዘመን በኋላ ጎረቤቴ እንቅርቷን ልታስወጣ ሐኪም ቤት ተኛች፤ አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። ወጣቱ ሐኪም አንገቷን ግራና ቀኝ ሲዳስስ ባየሁ ጊዜ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። አላስችል ብሎኝ ጠየቅሁት፤ የታደሰን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ልጁ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እማማ፣ እንዲህ ያለ ጡንቻ አለ» አለኝ። «ጥቂት ሰው ላይ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ጎን ብቻ ነው። የተማረ ሐኪምም እብጠት መስሎት የሚሳሳትበት ነው። መጽሐፍ ላይ የተሣለው አንገት የብዙ ሰው አንገት እንጂ የሁሉም ሰው አይደለም። ስለዚህ እኛም ስንቀድ የምናውቀውን አንገት ሳይሆን ከፊታችን ያለውን አንገት እያየን ነው መሄድ ያለብን።»

«እንግዲያው ለምን አልላላችም?» አልኩት። ይህን ጥያቄ አንድ ዕድሜ ሙሉ ተሸክሜው ኖሬአለሁ።

«የተጎዳ ጡንቻ ራሱን ለመጠበቅ ይኮማተራል። አጠገቡ ብረት ገብቷል፣ ሥጋው ተቆጥቷል። አንገቱን ወዴትም ቢያዞሩት እንደ እንጨት እንደሆነ ይቆያል። ፈተናው ትክክል ነበር፤ በጤነኛ አንገት ላይ ቢሆን ይሠራ ነበር።»

ጤነኛ አንገትን ደግሞ ማን ይፈትነዋል፣ ልጄ? ይህን ግን አላልኩትም። ብረቱ አከርካሪው ጋ ከነበረ ጡንቻው ባይነካም ላይተርፍ ይችል ነበር ብሎም ሊያጽናናኝ ሞከረ። አመሰገንኩት። መጽናናት ግን አይደለም፤ ቢነኩትም ባይነኩትም የሚሞት ነበር ማለት ነው። እኔ ብናገርም ባልናገርም ያው ነበር ማለት ነው።

የእኔ ገጠመኝ ይኼው ነው። ምን ተማርሽ የምትሉኝ ከሆነ፣ ብዙም የለኝ። እውነት የያዘ ሰው ይረታል ሲባል ስሰማ ዝም እላለሁ፤ እኔ እውነት ይዤ፣ የሚሰማኝ ሰው አግኝቼ፣ ማስረጃ ጠይቄ ተረትቻለሁና። ያገኘሁት ልማድ ብቻ ነው። የሰው ልጅ ሲታጠብ ካየሁ እናቲቱን ጠርቼ የልጅሽን ገላ ግራና ቀኝ እወቂው እላታለሁ። አንዳንዷ ዓይነ ናስ፣ ቡዳ ናት ብላ ልጇን ትሸፍንብኛለች። አልፈርድባትም።

በዓመት አንድ ጊዜ ወደ አንኮበር ሄጄ መቃብሩ አጠገብ እቀመጥ ነበር፤ አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሏል። እዚያ ስቀመጥ የማስበው አንድ ነገር ነው። ሥጋው አፈር ሆኗል፤ ገመዷም አብራ አፈር ሆናለች። ብረቱ ግን ዛሬም አጥንቱ መካከል አለ። አንድ ቀን ማንም መቃብሩን ቢቆፍር እዚህ ሰው ውስጥ ብረት ነበረ ይላል። ገመድ ነበረች የሚል ግን አይኖርም። የነካኋት እኔ ብቻ ነኝ፤ ከእኔ ጋር ታልቃለች።